ተዋናዩን ክሎድ ሬይንስን በየትኛው ፊልም እንጀምር? ካዛብላንካ ወይስ ሎረንስ ኦፍ አረቢያ

ሬይንስ (እ.ኤ.አ. 1889–1967) በሁለቱም የቅኝ ገዢ ባለሥልጣን ነው፤ ጉቦኛው ግን የካዛብላንካው ፖሊስ አዛዥ ካፒቴን ሬኖ ነው።

ጊዜ፦ ካዛብላንካ (1942) 102 ደቂቃ። ሎረንስ (1962) ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ፤ በስልክ ካዩት በረሃው ይባክናል።

ሚና፦ ሬኖ የመውጫ ቪዛ በገንዘብ ይሸጣል፤ ከሴቶች ደግሞ ሌላ ክፍያ ይፈልጋል። ቁማር ቤቱን «ቁማር አለ» ብሎ ሲዘጋ ያሸነፈው ብር እጁ ላይ ይቆጠርለታል። ሬይንስ እዚህ ቦታ ለሣቅ አይጥርም፣ ድምፁንም አያነሣም፤ ጥበቡ ይኸው ነው። ለኦስካር ከታጨባቸው ሚናዎች አንዱም ይኸው ነው (አራት ጊዜ ታጭቶ አንዱንም አልወሰደም)። በሎረንስ የሚጫወተው ድራይደን ጉቦ አይበላም፣ በጨዋነት ይዋሻል፤ ትዕይንቶቹ ግን ጥቂት ናቸው።

ትወናውን ለማጥናት ካዛብላንካ፤ ሰፊ ስክሪንና ነፃ ቀን ላለው ሎረንስ።