ዳታ አናሊቲክስ ከደሴ፦ ኮሌጅ፣ ኦንላይን ወይስ የሦስት ወር ሥልጠና?

የጎረቤታችን ልጅ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ሰሞኑን ቤት መጣች። «ጋሼ፣ ዳታ አናሊቲክስ መማር ፈልጌ ነበር፤ ኮሌጅ ልግባ ወይስ በስልኬ ልማር?» አለችኝ። አብሽሪ፣ ቁጭ በይ አልኳትና ብዙ አወራን። ዳታ አናሊቲክስ ማለት ከተመዘገበ መረጃ ውስጥ ለሥራ የሚጠቅም መልስ ማውጣት ነው። ያወራነውን እዚህ ልጻፈው፤ ኮምቦልቻም ወልድያም ይህንኑ የሚጠይቅ ብዙ ልጅ አለ።

መጀመሪያ ኮሌጅ። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ አለላችሁ፣ ኮምቦልቻና ወልድያም የራሳቸው ፖሊ ቴክኒክ አላቸው። «ዳታ አናሊቲክስ» የሚል ስም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ካጣችሁ ግን ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ። በቴክኒክና ሙያ ለዚህ ሥራ ቅርብ የሆነው ዘርፍ የዳታቤዝ አስተዳደር ነው። እዚያ ኤስኪውኤል (SQL)፣ ማለትም ከዳታቤዝ መረጃ የሚጠየቅበትን ቋንቋ ትማራላችሁ፣ ኤስኪውኤል ደግሞ የዳታ ተንታኝ የዕለት እንጀራ ነው። ችግሩ ትምህርቱ የተቀረጸው ዳታውን ለሚያደራጅና ለሚጠብቅ ሰው ነው። ከዳታው ውስጥ መልስ ፈልቅቆ ማውጣቱን፣ ማለትም ስታቲስቲክሱንና ቻርቱን፣ በራሳችሁ ጥረት ማሟላት አለባችሁ።

በምትኩ የምታገኙት ቀላል አይደለም። የኮምፒዩተር ላብ አለ፣ ስትሳሳቱ ከጎን ቆሞ የሚያሳያችሁ አስተማሪ አለ፣ መሥሪያ ቤት ወይም ፋብሪካ ገብታችሁ የምትለማመዱበት ትብብር ሥልጠና አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ላይም ደረጃና ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ሲጠየቅ በእጃችሁ ይኖራል።

ኦንላይኑ ጋ እንምጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በነጻ ነው፣ የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስም አለው፣ ስትጨርሱ ሰርተፍኬት ይሰጣችኋል። ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ ያለው የጉግል ዳታ አናሊቲክስ ሰርተፍኬት ደግሞ ሰፋ ይላል፤ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ለእኛ ይከብዳል፣ ነገር ግን የክፍያ ድጋፍ ማመልከቻ አለው፣ ሳትሞክሩት አትለፉት። ቪዲዮው ፓኬጅ ይበላል። እንግሊዝኛው ደከም ላለበት ሰው ይከብዳል። ብቻችሁን ስለሆናችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት ብትጠፉ «የት ጠፋሽ?» የሚል የለም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሚያለማምዱበት ዳታ የእኛ አለመሆኑ ነው። ይህን በደንብ ላስረዳ። ኤክሴል ላይ ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላችሁ ጻፉ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅ ፌብሩዋሪን ስለሆነ 30 ቀን የለውም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፣ ቀን ሲሆን ወደ ቀኝ የሚጠጋው አሁን ወደ ግራ ይጠጋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። የባሰው ግን ሳያጉረመርም የሚቀበለው ነው። ከመጋቢት 1 እስከ ሚያዝያ 1 በእኛ 30 ቀን ነው፤ 1/7 እና 1/8 ብላችሁ ብታስገቡ፣ ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ኤክሴል ጁላይ መስሎት 31 ይላችኋል። በዚህ ላይ የብድር ወለድ ወይም የሠራተኛ ቀን ብታሰሉ አስቡት! የጤናው ዘርፍ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 (DHIS2) የሚባለው የመረጃ ሥርዓት የእኛን አቆጣጠር ያውቃል፣ ኤክሴል ግን አያውቅም።

ስምም እንደዚያው ነው። ወሎ ውስጥ መዝገብ ከፍታችሁ መሐመድን ፈልጉ። መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ ተብሎ ይጻፋል፣ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ነው። ይህን ማጽዳት የሚለመደው እዚሁ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ስትመዘገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ትብብር ሥልጠናው የት ነው?» የሚል ይሁን። ኮምቦልቻ በ2009 የተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ሌሎች ፋብሪካዎችም አሉ፤ የምርትና የመጋዘን መዝገብ የሚያስነካ ቦታ ከተገኘ ያ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

የሦስት ወሩ የግል ሥልጠና ላይ እጄ ተቃጥሏል። አንድ ቦታ ሙሉውን ከፍዬ ገባሁ። አስተማሪው ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ ለሦስት ሰው አንድ ኮምፒዩተር ነበር፣ የተማርነውም ሰንጠረዥ ማሳመር ነው። ጥሩ ቦታ የለም አልልም። ግን ሳትከፍሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብታችሁ ተመልከቱ፣ ያለፉት ተማሪዎች የሠሩትን አሳዩን በሉ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። ማሳየት ካልፈለጉ ተዉት።

የዩኒቨርሲቲ ውጤት መጥቶላችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከደረሳችሁማ ግቡ። ዓመታቱ ይረዝማሉ፣ የመውጫ ፈተናም አለ፣ መሠረቱ ግን ይጠነክራል።

ለማን የትኛው? ላፕቶፕ የሌለው ልጅ ኮሌጅ ይግባ፣ ማታ ማታ ደግሞ የነጻውን ኦንላይን ኮርስ ይጨምርበት። አካውንቲንግ ተምሮ ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ዳግም ኮሌጅ መግባት አይታየኝም፤ ኦንላይኑና የራሱ መሥሪያ ቤት መዝገብ ይበቃዋል። ዳታን በቻርት የሚያሳየው ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ዊንዶውስ ላይ በነጻ ይጫናል፣ ለእሱ ገንዘብ ጠይቆ የሚጭንላችሁ ሰው አያስፈልጋችሁም።

ልጅቷን ኮሌጅ ተመዝገቢ አልኳት። እስከዚያው ሰኞ ገበያ ያለውን የአባቷን ሱቅ የዱቤ ደብተር በእኔ ላፕቶፕ ኤክሴል ላይ እንድትገለብጥ ሰጠኋት። ትናንት ማታ ደወለችልኝ፦ «ጋሼ፣ ጥቅምት 30 ለብቻው ወደ ግራ ሄደብኝ!»