«ዊዝ ቲዝ» ወይስ «ይር ዚሮ»?

የአሜሪካው የሮክ ባንድ የናይን ኢንች ኔይልስ ሁለት አልበሞች፣ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ «ዊዝ ቲዝ» እና የ2007ቱ «ይር ዚሮ»፣ በሁለት ዓመት ልዩነት የወጡ አይመስሉም። የመጀመሪያው የባንድ ሙዚቃ ይሸታል፤ ጊታሩ ጎልቶ ይሰማል፣ በበርካታ ዘፈኖች ላይም ከበሮውን የመታው የቀድሞው የኒርቫና ባንድ ከበሮ መቺ ዴቭ ግሮል ነው። ግጥሙ በአብዛኛው ከራስ ጋር ሙግት ነው። ለአዲስ ጆሮ የሚቀለውም እሱ ነው።

«ይር ዚሮ» ግን ሌላ ዓለም ነው። የባንዱ መሪና ድምፃዊ ትሬንት ሬዝነር ሥራውን የጀመረው ለኮንሰርት ሲዞር በላፕቶፕ ነው፤ ያስታውቃልም። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይንጫጫል፤ ምቱ መሀል ላይ በጩኸት ይዋጣል። ግጥሙም የግል ብሶትን ትቶ ያኔ ገና ባልደረሰው እ.ኤ.አ. 2022 ወደምትገኝ፣ መንግሥት ሁሉን ወደሚቆጣጠርባት አሜሪካ ይሻገራል። ተራኪው ከዘፈን ዘፈን ይለዋወጣል፦ አንዴ የሚጠራጠር ወታደር፣ ሌላ ጊዜ የሰጠው ድምፅ የማይቆጨው መራጭ። ሲዲው ራሱ የታሪኩ አካል ነው፤ ጥቁር ሆኖ ገብቶ ማጫወቻው ውስጥ ሲሞቅ ነጭ ሆኖ ይወጣል (በስልክ ለሚሰማ ይሄ ቀርቶበታል)።

ዜማ ለሚፈልግ የ2005ቱ ይሻለዋል። እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ 16 ዘፈን ቢበዛብኝም።