ለኤክስቼንጅ ፕሮግራም ብር ልትከፍሉ ያሰባችሁ ቆዩኝማ

እኔ የተበላሁትን እናንተም እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው። እህቴን በኤክስቼንጅ (በተማሪ ልውውጥ) ለአንድ ዓመት አሜሪካ ሃይስኩል እንልካታለን ያለኝ ኤጀንት ቅድሚያ ክፍያ ከተቀበለኝ በኋላ አራት ወር ሙሉ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ሲለኝ ከርሞ መጨረሻ ላይ ስልክ ማንሳትም ተወ። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ግን ጥፋቱ የኔም ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ባነብ ኖሮ የመጀመሪያው ቀን እነቃበት ነበር።

ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «ለሆስት ፋሚሊው እኛ እንከፍላለን፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ትሰራለች፣ ሲያልቅ እዛው ትቀራለች»። ሶስቱም ውሸት! በጄ-1 (አሜሪካ ለልውውጥ ፕሮግራም በምትሰጠው) ቪዛ የሚሄድ የሃይስኩል ተማሪን የሚያስተናግደው ቤተሰብ በፈቃደኝነት ነው፣ ምግብና መኝታ ይሰጣል እንጂ አይከፈለውም፣ የኪስ ገንዘብ ደግሞ ከናንተ ነው። ስራ ተቀጥሮ መስራት ክልክል ነው፣ አልፎ አልፎ ልጅ መጠበቅ ወይ ሳር ማጨድ ቢፈቀድ ነው። ፕሮግራሙም አንድ ወይ ሁለት ሴሚስተር ነው፣ ከዛ ወደ አገር መመለስ፣ የሃይስኩል ዲፕሎማ ይሰጠኛል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም።

በጣም ያናደደኝ ግን የእድሜው ነገር ነው። ለዚህ ፕሮግራም ተማሪው ወይ ከ11 ዓመት በላይ ያልተማረ (ኬጂ አይቆጠርም) ወይ ደግሞ ሲጀምር ከ15 እስከ 18 ዓመት ከመንፈቅ ያለ መሆን አለበት። እህቴ 12ኛን ጨርሳለች፣ 19 ዓመቷ ነው። በየትኛውም በኩል አትገባም! ፓስፖርቷን ስልክለት አይቶታል እኮ፣ «ችግር የለውም» አለኝ።

ቪዛ ለመጠየቅ ዲኤስ-2019 የሚባል ፎርም ያስፈልጋል፣ እሱን የሚሰጠው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፈቀደለት ስፖንሰር (ፕሮግራሙን የሚያካሂደው ድርጅት) ብቻ ነው፣ የስፖንሰሮቹ ዝርዝርም በመንግስት ድረገጽ ላይ በነጻ ይታያል። ስለዚህ ኤጀንቱን የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ስፖንሰሩ ማነው?» ይሁን፣ ከዛ ራሳችሁ ለስፖንሰሩ ጻፉና አጣሩ። እኔ ዘግይቼ ስጠይቀው «ሚስጥር ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይወስድብን» አለኝ 😂 ቪዛው መቶ በመቶ ነው የሚላችሁም እንደዛው ነው፣ የሚወስነው ቆንስላው ነው።

የዩኒቨርሲቲ ኤክስቼንጅ የምትፈልጉ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። የሚመርጣችሁ የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዲግሪውም የሱ ነው። ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለው በኤራስመስ (የአውሮፓ ህብረት የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም) ለምሳሌ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፈልም፣ ስለዚህ «የኤራስመስ ትምህርት ክፍያ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ብሎክ አድርጉት። እዛ የምትወስዱት ኮርስ ስትመለሱ እንደሚቆጠርላችሁ ግን ሳትሄዱ ከራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ በጽሁፍ ተቀበሉ፣ ያለዛ ተመልሳችሁ ከሬጅስትራር ጋር ስትነታረኩ ነው ዓመቱ የሚያልፈው።

ብሩን በግለሰብ አካውንት ነው ያስገባሁት፣ ደረሰኝ የለ ውል የለ፣ የነበረን ቴሌግራም ቻት ብቻ ነው። እሱንም ከሁለታችንም በኩል አጥፍቶታል፣ አሁን ለክስ የያዝኩት የባንክ ስሊፑንና ለእህቴ ልኬላት የነበሩ ሁለት ስክሪንሾቶች ነው።