ወጣት፣ ብስል ወይስ አንጋፋ? የዝውውር ገንዘብ በየትኛው ዕድሜ ላይ ቢወጣ ያዋጣል

አንድ ክለብ ተጫዋች ሲገዛ ዋጋው የሚተመነው ተጫዋቹ ባለፉት የውድድር ዘመናት ባሳየው ብቃት ነው፤ ክለቡ የሚጠቀመው ግን ከፊርማው በኋላ በሚመጡት ዓመታት ነው። ስለዚህ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ መመልከት ያለበት ውሉ የሚሸፍናቸውን ዕድሜዎች ነው። በ28 ዓመቱ የአምስት ዓመት ውል የሚፈርም ተጫዋች እስከ 33 ዓመቱ ድረስ ተገዝቷል ማለት ነው፤ በፍጥነታቸው የሚታወቁ አብዛኞቹ የመስመር አጥቂዎች ደግሞ በዚያ ዕድሜ ቀድሞ የነበራቸው ጉልበት አይኖራቸውም።

ለዚህ ከመስመር አጥቂው ኤደን ሃዛርድ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላገኘሁም። ሪያል ማድሪድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቼልሲ ሲያስፈርመው 28 ዓመቱ ነበር። በቼልሲ የቀረው ውል የአንድ ዓመት ብቻ ሆኖ ሳለ ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተከፈለበት። ከዚያ በኋላ ጉዳት እየተመላለሰበት በ76 ጨዋታዎች 7 ግቦችን ብቻ አስቆጥሮ፣ ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው በ2023 ከክለቡ ጋር በስምምነት ተለያየ፤ ማድሪድም ካወጣው ገንዘብ በሽያጭ የመለሰው የለም።

ሊቨርፑል በተመሳሳይ ዓመታት የሄደበት መንገድ ከዚህ ይለያል። ሞሐመድ ሳላህ በ2017 ከሮማ ሲመጣ 25 ዓመቱ ነበር፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ 32 ግቦችን አስቆጠረ። ቨርጂል ቫን ዳይክ በጃንዋሪ 2018 በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ 26 ዓመቱ፣ በዚያው ዓመት የመጣው ግብ ጠባቂ አሊሰን ቤከር ደግሞ 25 ዓመቱ ነበር። ሦስቱም በትልቅ ሊግ ተፈትነው ብቃታቸው የታወቀ፣ ምርጥ ዓመታቸው ግን ገና ከፊታቸው የነበረ ተጫዋቾች ነበሩ። ክለቡ በ2019 ቻምፒየንስ ሊጉን፣ በ2020 ፕሪሚየር ሊጉን ያነሣው በእነርሱ ነው። በእኔ አመለካከት፣ አቅም ያለው ክለብ ትልቁን ገንዘቡን ማውጣት ያለበት በዚህ ከ24 እስከ 26 ባለው ዕድሜ ላይ ነው።

የጨዋታ ቦታ ግን ስሌቱን ይለውጠዋል። ግብ ጠባቂና የመሃል ተከላካይ ዘግይተው ይበስላሉ፤ ብቃታቸውም ከሠላሳ በኋላ ይቆያል። ጨዋታን በማንበብ የሚኖር አማካይም እንዲሁ ነው፤ ሉካ ሞድሪች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርን የወሰደው በ2018፣ በ33 ዓመቱ ነበር።

የሒሳብ አሠራሩም መታየት አለበት። የዝውውር ዋጋ በክለቡ መዝገብ ላይ በውሉ ዓመታት ተከፋፍሎ ስለሚሰፍር፣ በ100 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት የተገዛ ተጫዋች በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ይመዘገብበታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በመዝገቡ የሚቀረው 40 ሚሊዮን ነው። ያኔ ተጫዋቹ 23 ዓመቱ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚከፍል ገዢ ሊገኝ ይችላል፤ 32 ዓመቱ ከሆነ ግን ደመወዙን ብቻ ለመሸከም እንኳ ፈቃደኛ የሚሆን ክለብ ማግኘት ይከብዳል።

ወጣት መግዛት የሚያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንችስተር ዩናይትድ በ2003 የ18 ዓመቱን ክርስቲያኖ ሮናልዶን በ12 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዝቶ በ2009 በ80 ሚሊዮን ሸጦታል። ነገር ግን ጥቅሙ የሚገኘው ዋጋው የወጣት ዋጋ ሲሆን ብቻ ነው። አትሌቲኮ ማድሪድ በ2019 ለ19 ዓመቱ ዣኦ ፌሊክስ 126 ሚሊዮን ዩሮ ሲከፍል ገና ላልታየ ብቃት የብስል ተጫዋች ዋጋ ከፈለ፤ በ2024 ለቼልሲ ሲሸጠው ያገኘው ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አንጋፋ ተጫዋች የሚገዛው ለቅርብ ዓላማ ነው። ዩናይትድ በ2012 ሮቢን ቫን ፔርሲን በ29 ዓመቱ ለ24 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈርሞ፣ በ26 የሊግ ግቦቹ ታግዞ በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫውን ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት ተጫዋቹ በጉዳት ብዙ ጨዋታዎች ቢያመልጡትም የተገዛበትን ዓላማ ፈጽሟል። ያው ክለብ በ2022 ለ30 ዓመቱ ካሴሚሮ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፍልና የአራት ዓመት ውል ሲሰጥ ግን የመጨረሻዎቹን ዓመታት በውድ ዋጋ ገዛ። ከዚህ የቼልሲ አካሄድ ይሻላል፤ በ2020 ቲያጎ ሲልቫን በ35 ዓመቱ ያለ ዝውውር ክፍያ አምጥቶ፣ ሊራዘም የሚችል የአንድ ዓመት ውል ሰጠው፤ በ2021 የቻምፒየንስ ሊጉን ዋንጫ ከእርሱ ጋር ካነሣ በኋላም ብቃቱን እያየ ውሉን በየዓመቱ እስከ 2024 አራዘመለት።