ጽድ እናድናለን እያሉ በር የሚያንኳኩትን ተጠንቀቁ

ሐረር ያላችሁ፣ በተለይ ግቢያችሁ ውስጥ ጽድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ንዴቴ ገና አልበረደም።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። መርጫ አዝለው በየሰፈሩ ይዞራሉ። ከአጥር በላይ የደረቀ ዛፍ ካዩ ያንኳኳሉ። የእኛን ሁለት የፈረንጅ ጽዶች የተከላቸው አባቴ ነው። አምና ግቢውን እስከ ግንዳቸው ድረስ ሲሚንቶ አስደረግን። ውኃው ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ለሰውም አልበቃ። በበሩ በኩል ያለው ከጫፉ ጀምሮ ቡናማ ሆነ። ግንዱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ፣ ሥሩ ላይ ሰጋቱራ የመሰለ ዱቄት።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አንኳኳ። ግንዱን መታ መታ አደረገና «ጥንዚዛ ነው እህቴ፤ በሁለት ሳምንት ያለመልማል» አለኝ። 6,500 ብር እዚያው በቴሌብር ላክሁለት። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። ጠርሙሱ ላይ ምንም ጽሑፍ አልነበረም። አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ትናንት ሦስት ሳምንት ሞላው። ቅርፊቱን በቢላዋ ላጥ ሳደርገው ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ደወልኩለት፣ መጣ። አንገቱን ቀና አድርጎ አየና «ይሄማ ያኔ ስመጣም ሞቶ ነበር» አለ። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ያኔ እያወቀ ነው ገንዘቤን የተቀበለው! «ታዲያ ለምን ረጨኸው?» ስለው፣ «እርጭልኝ አልሽ፣ ረጨሁ» አለኝ። ረዳቱ ሳቀ። የአባቴ ዛፍ ሥር ቆመው፣ በገዛ ግቢዬ።

ማታ ዛፍ የሚያውቅ ዘመዴ ነገረኝ። ጤነኛ ጽድ የሚሰረስረውን ጥንዚዛ በሙጫው ይከላከላል፤ ውኃ የተጠማ ግን አቅም ያጣል። የጥንዚዛው ትል አንዴ ቅርፊት ሥር ከገባ ከላይ የሚረጨው አይደርስበትም። መርጨት ቢጠቅም እንኳ ገና ላልተነካ ዛፍ ነው። ይህን ከመክፈሌ በፊት ብጠይቀው ኖሮ!

የመድኃኒቱን ስም ሳታነቡ አትክፈሉ። የሞተውን ቶሎ አስቆርጡ፤ ግንዱን ግን ጤነኛው አጠገብ አትከምሩት፣ ከውስጡ የሚወጡት ጥንዚዛዎች ወደዚያ ያልፋሉ። በሕይወት ያለውን ዛፍ ውኃ አጠጡት፣ ቀስ ብሎ ወደ ሥሩ እንዲሰርግ።

እኔ ዛሬ በሁለተኛው ጽድ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ እያስፈነቀልኩ ነው። ሰውየው ትናንት ሲወጣ እሱንም በእጁ አሳይቶኝ «ለዚህኛው ቅናሽ አደርግልሻለሁ» ብሎኝ ነው የሄደው።