የዳሽቦርድ መብራት ጠፋ ማለት መኪናው ተሰራ ማለት አይደለም፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የደረሰብኝን አንብቡና ተጠንቀቁ

ሰላም ወገን እንዴት ሰነበታችሁ። ይሄን የምጽፈው ለማርቆስ፣ ለደጀን፣ ለቡሬ፣ ለፍኖተሰላም፣ ለባህርዳር ልጆች ነው፣ መኪና ይዛችሁ እንጀራ ለምትበሉም የቤት መኪና ላላችሁም። ረዘም ይላል ግን እስከመጨረሻው አንብቡት። ያጭበረበረኝን ጋራዥ ስም አልጠራም፣ ይሄን ዘዴ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስላልሆነ ስሙን ከማወቅ ዘዴውን ማወቁ ይጠቅማችኋል።

ያለኝ ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ ነው፣ 5ኤል ናፍጣ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ቁልፍ ስከፍት ገና ሞተር ሳላስነሳ የሙቀቱ መርፌ ተወርውሮ ቀዩ ላይ ወጣ። የማርቆስን የጥቅምት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ያደረ ነው፣ ራዲያተሩን በእጄ ስነካው በረዶ ነው፣ መርፌው ግን ፈላሁ ይላል። ከዛ በፊት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፣ ሞተሩ ሲሞቅና ቆሜ ሳንቀሳቀስ ስጠብቅ የዘይቷ ቀይ መብራት ብልጭ ጥፍት ትል ነበር። ሁለቱንም ይዤ ሰው የጠቆመኝ ጋራዥ ሄድኩ።

ባለሙያው ሞተሩን ከፍቶ አላየ፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አልያዘ፣ በመስኮት አየት አርጎ "የዳሽቦርዱ ቦርድ ተቃጥሏል፣ ሙሉው መቀየር አለበት፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል" አለኝ። ለእቃው 28,000 ብር፣ ለእጅ 3,500። ያለደረሰኝ ከሆነ እንደሚቀንስልኝም ነገረኝና እኔም ሞኙ እሺ አልኩ፣ የእቁብ ብሬን ቆጥሬ ሰጠሁት። ሁለት ቀን ቆይቶ ስሄድ ቀይ ሚባል ነገር የለም፣ መርፌዋ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ደስ ብሎኝ መርቄው ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁልፍ ስከፍት መርፌዋ ወዲያው መሃል ላይ ሄዳ ቆመች፣ እኔ ደግሞ ይሄን አይቼ አሁን ገና ዳሽቦርድ አገኘሁ አልኩ። ወንድሞቼ እዚች ጋ ነበር መንቃት የነበረብኝ። ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር መርፌው ታች ቀዝቃዛው ላይ ነው መሆን ያለበት፣ ከዛ ቀስ እያለ ነው ሚወጣው። ሞተር ሳይነሳ መሃል ላይ የሚቆም መርፌ ሙቀት እያነበበ አይደለም።

16 ቀን ሰራሁበት። በ17ኛው ቀን ከጎሃ ጽዮን ሰው ጭኜ አባይን ወርጄ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ዳገቱን ጀመርኩ። ያቺን ዳገት የማያውቅ የለም፣ ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ታች ደግሞ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ መኪናው መጎተት አቃተው፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይም ይደክማል። ሃይስ ሞተሩ ከፊት ወንበር ስር እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ጎኔ የተቀመጡ አንድ እናት "ልጄ ይሄ ወንበር ምነው እንዲህ ጋለ?" አሉኝ። እኔ መርፌዋን አየሁ፣ መሃል ላይ ናት። "ምንም የለም እማማ፣ የቆላው ሙቀት ነው" አልኳቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከስር እንፋሎቱ ቡፍ ብሎ ወጣ፣ ሰው ተንጫጫ፣ ረዳቴ በሩን ከፍቶ ሁሉንም አስወረዳቸው። እግዚአብሄር ይመስገን ሰው አልተነካም። ተሳፋሪው ፀሀይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ ሌላ መኪና አግኝቶ ሄደ፣ ሂሳባቸውን መለስኩ፣ እኔ ተጎትቼ ደጀን ገባሁ።

ጓርኒሲዮን (ቴስታታውና ሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ) በልቷል፣ ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተጣሞ ቶርኖ ቤት ሄዶ መስተካከል ነበረበት። ከነእጁ 46,000 ብር ወጣብኝ፣ ቆሜ የዋልኩባቸውን ቀኖች ሳልቆጥር።

ደጀን ላይ ያገኘሁት ኤሌክትሪሻን ገና ወጣት ልጅ ነው። ሞተሩ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ነገርየውን ስነግረው መጀመሪያ ያደረገው "ጋሼ እስኪ ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱልኝ" ማለት ነው። ከፈትኩ። የባትሪዋ መብራት በራች፣ የእጅ ፍሬኗ በራች፣ የዘይቷ ግን ጭልም። "የዘይቷ አምፖል የለችም" አለ ወዲያው፣ ምክንያቱም ሞተር ሳይነሳ የዘይት ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ደግሞ ያቺ መብራት መብራት ግዴታዋ ነው፣ ሞተሩ ተነስቶ ዘይቱ ሲጫን ነው ምትጠፋው። ቀጥሎ ሄዶ የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ነቀለው። መርፌዋ መሃል ላይ ቆማ ቀረች። "ሽቦው ከሴንሰሩ ተነቅሎ ይሄ መርፌ ከማን ነው ሚያነበው?" ሲለኝ ሆዴ ባር ባር አለኝ።

ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ ፈታትቶ አወጣው። ከጀርባ ወደ ሙቀቱ ጌጅ (መርፌዋ ያለችበት መለኪያ) የምትሄደው ሽቦ በፒንሳ ተቆርጣለች፣ በሷ ፋንታ አንዲት የጥቂት ብር ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የምትገድብ ትንሽ እቃ) በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልላ ከጌጁ ወደ ቦዲ (የመኪናው ብረት) ታስራለች። ጌጁ ሁልጊዜ አንድ አይነት ኦም (የኤሌክትሪክ ማገጃ መለኪያ) ነው የሚያየው፣ ስለዚ ሁልጊዜ መሃል። የዘይቷ አምፖል ቦታ ባዶ ነው። ዳሽቦርዱ ራሱ ደግሞ አዲስ ተቀየረ የተባለው የኔው የድሮው ነው፣ ጥግ ላይ ያለችው ስንጥቅ አለች፣ ኪሎሜትሩም ያው የኔው 412 ሺህ ምናምን ነው። ኪሎሜትር የሚቆጥረው ዳሽቦርዱ ውስጥ ስለሆነ ያገለገለ ሌላ ዳሽቦርድ ቢገጠም ኖሮ ቁጥሩ ይለወጥ ነበር፣ ይሄን እንኳን አላየሁም። 28,000 ብር የከፈልኩት ለሌለ እቃ ነው።

ትክክለኛው ችግር ምን ነበር? ከሴንሰሩ የምትመጣዋ ሽቦ ሞተሩ ጎን ብረት እየነካት ላስቲኳ ተፍቆ መዳቡ ቦዲ ይነካ ነበር። በቃ። ሽቦ ተቀየረ፣ ናስትሮ ተጠቀለለ፣ ብረት እንዳይነካት ታሰረች፣ 800 ብር። የዘይቱ ደግሞ ልጁ መጀመሪያ የሚጠመዘዝ የግፊት ጌጅ አስገብቶ ግፊቱ ጤነኛ መሆኑን አየ (ይሄን ሳያይ ሴንሰር ቀይሩ የሚል ሰው አትመኑ፣ መብራቷ እውነቷንም ልትሆን ትችላለች)፣ ከዛ የዘይት ሴንሰሩ ራሱ አፍስሶ ሶኬቱ በዘይት ርሶ አገኘውና ቀየረው፣ 1,400 ብር።

እሺ አሁን ልጁ ያስረዳኝን ላስረዳችሁ፣ ስታውቁት ሰው አይጫወትባችሁም። የቆዩ መኪኖች ላይ፣ ዲኤክስ (የድሮዋ ኮሮላ)፣ የድሮ ሃይስ፣ የድሮ ፒካፕ፣ የሙቀቱ ሴንሰር አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ሲቀዘቅዝ በመቶዎች ሚቆጠር ኦም አለው፣ ሲግል እየቀነሰ እየቀነሰ ወደ ሀያዎቹ ይወርዳል፣ ኦሙ ሲቀንስ መርፌው ይወጣል። ስለዚ ሽቦዋን ከሴንሰሩ ስትነቅሏት መርፌው ወደ ቀዝቃዛው መውረድ አለበት። ነቅላችኋት ሙቁ ላይ እንደወጣ ከቀረ ሽቦዋ መሃል ላይ ቦዲ ነክታለች፣ የኔ ይሄ ነበር፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው ሚፈጀው። ወርዶ ከሆነ ደግሞ ሽቦዋን ለቅጽበት ብቻ ከቦዲ ጋ ስታነኳት መርፌው ወደ ሙቁ መነሳት አለበት፣ ሲነሳ ወዲያው ልቀቁ። ከተነሳ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፣ ሴንሰሩን ፈትሹ፣ ወይ ደግሞ ሞተሩ የእውነት ግሏል። ካልተነሳ ሽቦው ተቆርጧል ወይ ጌጁ ሞቷል ወይ ፊውዙ ሄዷል። የዘይቷም አንድ ሽቦ ያላት ከሆነች ያው ነው፣ ስትነቀል ትጠፋለች፣ ቦዲ ስታነኳት ትበራለች። በኮምፒውተር የሚሰሩት አዳዲሶቹ ላይ ግን ይሄን የማነካካት ነገር አትሞክሩ፣ እነሱ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ በሚያነብ መሳሪያ) ነው ሚታዩት። ለምሳሌ ፒ0117 የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ መስመር ሾርት መሆኑን (ቦዲ መንካቱን)፣ ፒ0118 ደግሞ መቆረጡን ይጠቁማል፣ ግን ኮዱ መስመሩን ነው ሚነግራችሁ እንጂ ሴንሰር ግዙ አላለም፣ ሽቦና ሶኬቱ መታየት አለበት። ቪትዝ የያዛችሁ ብዙዎቻችሁ ጋ ጭራሽ የሙቀት መርፌ የለም፣ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ ሲግል ቀይ መብራት ነው፣ ቀዩ ከበራ ዳር ይዛችሁ ማጥፋት ነው።

የነዳጁ ጌጅም ብዙ ሰው የሚበላበት ነው፣ ነዳጅ በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ ደግሞ ጌጅ የሌለው መኪና ራስ ምታት ነው። ታንከር ውስጥ ያለው ፍሎተር ከነዳጁ ጋ ከፍ ዝቅ እያለ ኦሙን ይቀይራል፣ ብዙ ቶዮታ ላይ ሙሉ ሲሆን ከ3 ኦም አካባቢ ባዶ ሲሆን ወደ 110 ኦም ነው። ዳሽቦርድ ቀይር ከመባላችሁ በፊት ቴስተር ይዞ ያንን ያንብብላችሁ።

ሁሉም መርፌዎች ባንድ ጊዜ ካበዱ ግን ሁሉም ሴንሰሮች ባንድ ሌሊት አይሞቱም፣ የጋራቸው የሆነ ነገር ነው፣ ፊውዝ ወይ የዳሽቦርዱ ግራውንድ (ከቦዲ ጋ የሚታሰረው ሽቦ)። በተለይ ፍሬቻ ስታበሩ ወይ የፊት መብራት ስትከፍቱ መርፌዎቹ አብረው ከዘለሉ ግራውንዱን ፈትሹት ብላችሁ እናንተው ንገሯቸው፣ አንዲት ብሎን ተፈትታ ዝገቷ ተጠርጎ መልሳ ስትጠብቅ ሚድን ነገር ነው። የባትሪ መብራት ከሆነ በቴስተር ሞተር ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካለ ዲናሞው እየሞላ ነው። ከዛ በታች ከሆነ ደግሞ ዲናሞ ከመግዛታችሁ በፊት ቺንጋው መላላቱን እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር ስለ ሙቀቱ። ማርቆስ 2400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነች፣ እዚህ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው ሚፈላው፣ በ100 አይደለም። ራዲያተሩ ከዛ በላይ የሚችለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ስለዚ ጎማዋ የተበላች ክዳን ይዛችሁ መርፌ ላይ ብቻ አትመኩ፣ በጋለ ጊዜም ክዳኑን እንዳትከፍቱ።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ይሄው ማጭበርበር እናንተም ጋ ይመጣል፣ ደላላው "ንፁህ ነው አንድም መብራት የለበትም" ይላችኋል። ቁልፍ ብቻ ከፍታችሁ ቼክ ኢንጂን፣ ኤርባግ፣ ኤቢኤስ፣ ዘይት፣ ባትሪ ሁሉም መብራታቸውን እዩ፣ መኪናው ያለው መብራት ሳይበራ ከቀረ ተጠራጠሩ፣ አምፖሉ ተነቅሎ ወይ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ኤርባጓ ከዘይቷ ጋ እኩል በርታ እኩል የምትጠፋ ከሆነም ተጠራጠሩ፣ ሽቦዋን ከሌላ መብራት ጋ ያስሯታል፣ ጤነኛዋ በራሷ ጊዜ ነው ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ምትጠፋው ሞተር ባይነሳም። ስካነር ካገኛችሁ ደግሞ ኮድ የለም ሲል አትርኩ፣ ሬዲነስ (ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች መጨረሱን የሚያሳየው) የሚለውን ክፈቱ፣ ብዙዎቹ አልተጠናቀቁም ካለ ባትሪ ካልተነቀለ በቀር ኮዱ በቅርብ ተሰርዟል ማለት ነው።

ማርቆስ ተመልሼ ሬዚስተሯን በእጄ ይዤ ጋራዡ ሄድኩ። ሰውዬው አላፈረም፣ "መብራቱ እንዲጠፋልህ አመጣኸው፣ ጠፋልህ" ነው ያለኝ። ሸማቹን የሚጠብቅ አዋጅ አለ፣ ነጋዴም ደረሰኝ መስጠት አለበት፣ እኔ ግን ደረሰኝ ስላልያዝኩ ምን ይዤ ልክሰስ? በሽማግሌ ተይዞ 15,000 ብር መለሰልኝ፣ ሌላው ቀረ። ስለዚ ደረሰኝ ሳትይዙ፣ መኪናውን ከማስገባታችሁ በፊት ዳሽቦርዱን ከነኪሎሜትሩ በስልካችሁ ፎቶ ሳታነሱ፣ ተቀየረ የተባለውን አሮጌ እቃ በእጃችሁ ሳትቀበሉ ብር አትክፈሉ። የሚሰራ ሰው አሮጌውን እቃ ለመስጠት አይከፋውም።

ያን ቀን ፊት ወንበር ላይ የነበሩት እናት ጥቁር ነጠላ የለበሱ፣ ደጀን የሚወርዱ ነበሩ፣ በሰዓቱ ግርግር ስለነበር ስማቸውንም አልጠየኩ። ልጃቸው ወይ ዘመዳቸው ይሄን ካነበበ ይንገርልኝ፣ ወንበሩ የጋለው በቆላው ሙቀት አልነበረም፣ እሳቸው ልክ ነበሩ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ።