በደብረ ብርሃን ሻይ ቤት የተተረከው የወታደሩ ኮሜዲያን ሕይወት

በደብረ ብርሃን ገበያ አጠገብ ያለች አንዲት ሻይ ቤት እሑድ ማታ በምታዘጋጀው የኮሜዲያን ታሪክ ምሽት ላይ ተገኝቼ በጣም ረክቻለሁ። የዕለቱ ባለታሪክ ብሪታንያዊው ቶሚ ኩፐር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 በፈረሰኛ ክፍለ ጦር የተቀጠረው ኩፐር፣ በካይሮ ለወታደሮች ትርኢት ሲያቀርብ ባርኔጣውን ረስቶ ከአንድ አስተናጋጅ ራስ ላይ ቀዩን የቱርክ ቆብ አንሥቶ እንዳጠለቀ፣ ያም ቆብ በቴሌቪዥን ዘመኑ ሁሉ መለያው ሆኖ እንደቀረ ተራኪው በእርጋታ አስረዳን። ምትሃቱን ሆን ብሎ እያበላሸ የሚያሥቀው ይህ ሰው (እንዲህ ማበላሸት በእኔ እምነት ከማሳካት ይከብዳል) እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1984 በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሕይወቱን ባሳጣው የልብ ድካም ሲወድቅ፣ ተመልካቹ የትርኢቱ አካል መስሎት መሣቁ ሲነገረን ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ አጠገቤ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ወታደርም ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ድምፅ ማጉያው ደካማ በመሆኑ ከኋላ የተቀመጠ በደንብ አይሰማም፤ ይህ ሊታረም ይገባል። የገብስ ቆሎውና ሻይው ግን ትኩስ ነው፤ መግቢያም አይከፈልም። ወንበሩ ጥቂት፣ ብርዱም ብርቱ ስለሆነ ጋቢ ይዞ በጊዜ መድረስ ይሻላል።